ከኋላ የተፈናጠጠውስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ሄልሜት ያወጣችሁትን የአንድ አንባቢ ደብዳቤ አነበብኩት። ጸሐፊው ሞተረኛ ናቸው። ነገሩ ባጭሩ «ጭንቅላቱ የኔ፣ ሞተሩ የኔ፣ ብወድቅም የምጎዳው እኔ፤ መንግሥት ምን አገባው?» ነው። እኔም ሞተረኛ ነኝ። ለሥራ ከባሕር ዳር ወጣ ብለው ወዳሉት መሸንቲና ዘጌ እመላለሳለሁ። እስቲ በወንድምነት ልመልስላቸው።

የሚያስማማንን ላስቀድም። በሚያዝያ ቀትር በባሕር ዳር ሄልሜት ማድረግ ቀልድ አይደለም። ላቡ ከግንባር እየወረደ ዓይን ያቃጥላል። ከባጃጅ ጀርባ ቆመው መንገድ ሲጠብቁማ ጭንቅላት ይቀቀላል። ሕግ ከሚያስከብሩት መካከልም ከመምከር ይልቅ ማመናጨቅ የሚቀናቸው አሉ። ሰው እልህ ቢይዘው አልፈርድም።

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ማለታቸው ግን አልተዋጠልኝም። ከተማችን ሜዳ ናት። ዘንባባው ተደርድሮ አስፋልቱ ቀጥ ሲልልን ሁላችንም ነዳጅ እንሰጣለን፤ አንዋሽ። ደግሞስ ቀስ ቢሉ? ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላቱ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል። ከዚያ ከፍታ ዝም ብሎ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ እንግዲህ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ነው። ባጃጁ ተሳፋሪ አይቶ ድንገት ሲታጠፍብዎ የሚመጣውን እርስዎ ይደምሩበት።

ሄልሜት ምን ያደርጋል? ብዙዎቻችን ዋናው ነገር ከላይ ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ይመስለናል። ከባዱን ሥራ የሚሠራው ግን ውስጡ ያለው ፎም ነው። አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዓይነት ነጭ ፎም ማለት ነው። ሲመታ ይጨፈለቃል፤ እየተጨፈለቀ ምቱን ይውጣል። አንዴ ከተጨፈለቀ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ አደጋ ያየ ሄልሜት ከላይ ምንም ባይመስልም ሥራውን ጨርሷል። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ተቋም ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ያወጣው ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። ማሰሪያውን ሳይቆልፉ ጣል ማድረግ ግን ከዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። ሄልሜቱ ከባለቤቱ ቀድሞ ይበራል። ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ትራፊክ ሲያይ ብቻ የሚያጠልቀውን ወዳጄንስ ምን ልበለው? ክርኑን እየጠበቀ ነው።

ጸሐፊው የአሜሪካ ሞተረኞች የሄልሜት ሕግ ማስሻራቸውንም አንስተዋል። ልክ ናቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የፌዴራሉ መንግሥት በ1966 የሄልሜት ሕግ ላላወጣ ግዛት የመንገድ ገንዘብ እቀንሳለሁ አለ። በ1975 ያላወጡት ሦስት ግዛቶች ብቻ ነበሩ። ሞተረኛው ግን «ነፃነታችን!» ብሎ ተነሳ፤ ኮንግረሱም በ1976 ቅጣቱን አነሳ። ከዚያ ብዙ ግዛቶች ሕጉን ሻሩት ወይም ለወጣቶች ብቻ አደረጉት። ዛሬም ኢሊኖይ፣ አዮዋና ኒው ሃምፕሺር ምንም የሄልሜት ግዴታ የላቸውም።

ጸሐፊው የዘለሏት ነገር አለች። ፍሎሪዳ በ2000 ሕጉን ስታላላ «ዕድሜህ 21 ከሞላና ቢያንስ የ10,000 ዶላር የሕክምና መድን ካለህ ሄልሜቱን ተወው» ነው ያለችው። ነፃነቱ ከደረሰኝ ጋር ነው የመጣው። እኛ አገር ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ባለሞተሩን ራሱን አያሳክምም። ታዲያ ማን ያሳክመዋል? የምናውቀው ነው። ገጠር ያለው ወንድም በሬ ይሸጣል። የሥራ ባልደረባ በቴሌግራም መዋጮ ይሰበስባል። እናት ጋቢዋን ደርባ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ታድራለች። ሚስት ከወር እስከ ወር ከሥራዋ ትቀራለች። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን የባሕር ዳርን ሰው ብቻ አይደለም የሚያክሙት፤ ከየወረዳው ሪፈር ተጽፎለት የመጣው ሁሉ እዚያው ነው ተራ የሚጠብቀው። «የምጎዳው እኔ ነኝ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይሰነጠቃል።

ይህንንም ተዉት። ሰውየው ብቻውን ይኖራል፣ ብቻውን ይነዳል እንበል። እኔን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከኋላው ያለው ሰው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ በዓባይ ድልድይ አንድ ቤተሰብ አለፈኝ። አባት መስታወት ያለው ምርጥ ሄልሜት አጥልቋል። እናት በጎን ተቀምጣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠምጥማለች፤ የነጠላው ጫፍ ከጎማው በላይ ይርገበገባል። ልጁ መሀላቸው ነው፣ ባዶ ራሱን። ይሄ የማን ነፃነት ነው? እናቲቱን ሄልሜት ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ልጁማ ጭራሽ አይጠየቅም። «ጭንቅላቴ የራሴ ነው» ያለ ሰው የሌላው ጭንቅላትም የሌላው መሆኑን ማመን አለበት።

ወደ ዘጌ ስሄድ አንዳንዴ ቄስ አፈናጥጣለሁ። ጥምጣማቸውን ያውልቁ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። እንግሊዝ ጥምጣም የሚያደርጉ የሲክ እምነት ተከታዮችን በ1976 (ይህም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ከሄልሜት ግዴታ ነፃ አድርጋለች። በዚህ ጉዳይ ላይ መከራከር ይቻላል፤ የእምነት ጉዳይ ነውና። የእናቲቱ ግን የእምነት ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛ ሄልሜት አልተገዛላትም፣ በቃ።

«የጋራ ሄልሜት ያስጠላል፣ የማን ፎረፎር እንዳለበት አይታወቅም» ይባላል። እውነት ነው። በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ የሞተር ታክሲ ነጂ ሁሉ ለተሳፋሪው ሁለተኛ ሄልሜት ይይዛል፤ ይሄው ቅሬታ እዚያም አለ። ከሥሩ ስስ የጨርቅ ቆብ ማድረግ ይቻላል። ሹሩባ የተሠራች ሴትም ሻሽ አስራ ብታጠልቀው ሹሩባዋ ያን ያህል አይበላሽም። ባለቤቴን ጠይቄ ነው።

ነፃነታችን ያሳስበናል ካልን ደግሞ ሌላ የሚያሰጋ ነገር አለ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ወንጀል በዛ ብላ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር እንዳይነዳ ከልክላለች። ሞተረኛ ስሙ ከጠፋ ሄልሜት አድርግ የሚለው ቀርቶ አትንዳ የሚለው ይመጣል።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው። ትራፊኮቻችን ሞተር ሲያስቆሙ ዓይናቸው ሹፌሩ ላይ ብቻ አይቅር፤ «የኋላው ሰው ሄልሜትስ?» ይበሉ። ለሠራተኛ ሞተር የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶችም ከአንዱ ሞተር ጋር ሁለት ሄልሜት ይግዙ። የኔው መሥሪያ ቤት አንድ ነው የሰጠኝ። በአንድ ሞተር ሁለት ባለሙያ ቀበሌ ለቀበሌ እንደምንዞር ግን የመስክ ዕቅዱ ላይ ራሱ ጽፎታል።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከባሕር ዳር