ሰባትን የተሻገረው ቁጥር

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። የጦሳ ተራራ ሰሞኑን ጉም እንደለበሰ ነው፤ መብራቱም ይሄዳል ይመጣል።

የሄድሽ ዕለት በደረሰኝ ጀርባ ጽፈሽ ጠረጴዛው ላይ የተውሽልኝን እንቆቅልሽ ፈታሁት። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ሳልጨርስ «ገባኝ አባዬ» ትይኛለሽ።

ከ1 እስከ 9 ያሉት አሃዞች እያንዳንዳቸው አንዴ ብቻ ይግቡ ብለሻል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የሚሠሩት ቁጥር ለ2፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ለ3፣ እንዲሁ እያለ እስከ 9 ያለ ቀሪ ይካፈል። አሃዞቹ የሚደረደሩበት መንገድ 362,880 ነው። በገንዘብ ያዥነት ዘመኔ ሁሉ ያን ያህል ደረሰኝ መቁረጤን እጠራጠራለሁ፤ ስለዚህ መሞከሩን ትቼ የማይሆኑትን መጣል ጀመርኩ።

አምስተኛው ቦታ የ5 ነው፤ ዜሮን አልጠራሽማ። ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛውና ስምንተኛው ለተጋማሾቹ ነው፤ ጎዶሎዎቹ የቀረውን ይይዛሉ። በ9 አልደከምኩም፤ የሁሉም ድምር 45 ስለሆነ እንዴትም ብትደረድሪያቸው ይካፈላል። አራተኛው አሃዝ ጎዶሎን ተከትሎ ስለሚመጣ ለ4 እንዲካፈል 2 ወይም 6 መሆን አለበት። የ6 ደንብ ሲታከልበት መካከሉ፣ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው፣ 258 ወይም 654 ብቻ ሆነ። የ3 እና የ8 ደንብም የድርሻቸውን ጣሉ። እኩለ ሌሊት ላይ በእጄ አሥር ቁጥሮች ቀሩ።

ከአሥሩ አንዱ 147258963 ነው። አሮጌዋን ባለ ቁልፍ ስልኬን አስቢያት፦ በግራው ረድፍ ወደ ታች፣ በመካከለኛው ወደ ታች፣ በቀኙ ወደ ላይ። እንዲህ ያለ ቁጥር መልስ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው ብዬ እናትሽን ልቀሰቅሳት ነበር! በሁሉም አለፈ። 1472589ን ለ7 ሳካፍል ግን 6 ቀረ።

ቀጥሎ 987654321 መጣ። የሐረጎ ቁልቁለት እንኳ ሳይጠማዘዝ አይወርድም፤ ይህ ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እሱም ሁሉንም አለፈና 7 ላይ ሲደርስ 5 ተረፈው። በሥራዬም ቢሆን ስርዝ ድልዝ የሌለበት መዝገብ ሲገጥመኝ ሁለት ጊዜ እደምር ነበር።

መልሱ 381654729 ነው። መልኩ ምንም አይናገርም፤ የማላውቀው ሰው ስልክ ቁጥር ይመስላል። 3816547 ለ7 ሲካፈል 545221 ይሆናል፣ ቀሪ የለውም። አላመንኩትም። ሁለት ጊዜ በእስክሪብቶ፣ አንድ ጊዜ በካልኩሌተር አካፈልኩት። መጨረሻው ላይ 0 ብትጨምሪበት ደግሞ 3816547290 ይሆንና ለ10 ይካፈላል፤ አሥሩም አሃዞች ገቡ ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ብሎኛል። ሌሎቹን በምክንያት አሰናበትኳቸው። በ7 ጊዜ ግን አሥሩንም አንድ በአንድ አካፍዬ ዘጠኙን ጣልኩ እንጂ ዘዴ አልነበረኝም። ከዚያ ያጠረ መንገድ ካለ መምህርሽን ጠይቂልኝ።

ደረሰኙን አጣጥፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የቡናው ጠብታ የእናትሽ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

አባትሽ፣ ከደሴ