ስለ ሰማያዊው ኮሮጆ

ኔታንያ፣ እስራኤል

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ለምርጫ አስፈጻሚነት መመዝገብሽን ስሰማ ደስ አለኝ። «እናንተ ዘንድ ኮሮጆ የሚገለብጥ የለም ወይ?» ላልሽው ጥያቄ በስልክ የሚያልቅ መልስ ስለሌለው ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትሳሳቺ።

እዚህም ማንም ማንንም አያምንም። አለመተማመኑን ግን ሥራ ሰጥተውታል። የምርጫ ጣቢያው «ቃልፒ» ይባላል፤ ሰማያዊው የካርቶን ሣጥንም ያው ቃልፒ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት ሦስቱ ሰዎች ከሦስት የተለያዩ ፓርቲዎች የተላኩ ናቸው። አራተኛው ጸሐፊው ነው፤ እሱ ተቀጥሮ የሚሠራው ለማዕከላዊው የምርጫ ኮሚቴ ነው። ያ ኮሚቴም ራሱ በፓርቲ ተወካዮች የተሞላ ሲሆን፣ በላያቸው የሚሰበስበው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነው። እናንተ ጋ የፓርቲ ወኪል ተቀምጦ ያያል፤ እዚህ ተፎካካሪው ራሱ ይቆጥራል። አንዱ ሲያዛጋ ሌላው ዓይኑን ይከፍታል።

የመራጭ ካርድ የሚባል ነገር የለም። ዕድሜው 18 የሞላ ዜጋ ሁሉ ከሕዝብ መዝገብ በቀጥታ የመራጮች ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ጣቢያውም በመታወቂያው አድራሻ ይወሰናል። ቤት ቀይሮ አድራሻውን ያላስተካከለ ሰው የሚመርጠው በቀድሞ ሰፈሩ ነው። ምቹ ነው፣ ግን ቀዳዳ አለው፤ ውጭ አገር የሚኖረውም ስሙ ከዝርዝሩ አይወጣም፣ ከጥቂት የመንግሥት ሠራተኞች በቀር ደግሞ ከውጭ ሆኖ መምረጥ አይቻልም። ያ ባዶ ስም ነው ሌባ የሚጠብቀው። በ2013 የቤት ሼሜሽ ከተማ የከንቲባ ምርጫ ዕለት ፖሊስ ወደ 200 የሚጠጋ የሌላ ሰው መታወቂያ ያዘ። ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ሰርዞ በመጋቢት 2014 እንደገና አስደረገው። እዚያ ኮሮጆ የገለበጠ ሰው አልነበረም፤ ሰው በሰው ስም ገብቶ እየመረጠ ነበር የወጣው። እዚህ ጣት ላይ ቀለም አይቀባም፤ ያላችሁን ቀለም አትናቁት።

መራጩ መታወቂያውን ይሰጣል፣ ስሙ ይጠራል፣ ዝርዝሩ ላይ ምልክት ይደረግበታል፣ የኮሚቴ አባላት የፈረሙበት ባዶ ፖስታ ይቀበላል። ከመከለያው ጀርባ ብዙ ክፍል ያለው ትሪ አለ፤ በየክፍሉ የየፓርቲው ፊደል የታተመባቸው ትንንሽ ወረቀቶች ተከምረዋል፤ «ፔቴክ» ይሏቸዋል። ሊኩድ «ሜም፣ ሔት፣ ላሜድ» ነው፤ ዬሽ አቲድ «ፔ፣ ሄ»። ዕብራይስጥ የማያነቡ አዛውንቶቻችን ፊደሉን እናንተ እንደምታውቁት የፓርቲ ምልክት በዓይናቸው ይለዩታል። አንዲት ወረቀት ፖስታው ውስጥ ከትተው፣ ወጥተው በራሳቸው እጅ ሣጥኑ ውስጥ ይጨምራሉ።

የሚበላሸው እዚያ መከለያ ጀርባ ነው። አንዱ ተንኮለኛ የተፎካካሪውን ወረቀቶች ጠቅልሎ ኪሱ ይከታል፣ ወይም በሌላ ፓርቲ ክምር ሥር ይደብቃቸዋል፣ ወይም ላይኞቹን በእስክሪብቶ ይጭራቸዋል። የታተመ ወረቀት ላይ ምልክት ካለ ድምፁ ዋጋ አልባ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ከክምሩ መሐል ይመዝዛል፣ ጀርባውንም ይገለብጣል። የፓርቲው ወረቀት ካለቀ ወጥቶ «ትሪው ጎድሏል» ማለት ይችላል፣ የየትኛው ፓርቲ እንደሆነ ሳይናገር። ባዶ ነጭ ወረቀትም አለ፤ በእስክሪብቶ ፊደሉን በእጅ መጻፍ ይፈቀዳል። የሁለት ፓርቲ ወረቀት አንድ ፖስታ ውስጥ ከተገኘ ሁለቱም ይጣላሉ። በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ብቻውን መምረጥ የማይችል ሰው አጋዥ ይዞ ይገባል፤ አንድ አጋዥ ግን ከሁለት ሰው በላይ ማገዝ አይችልም። ይቺን ሕግ ወድጃታለሁ፤ አሥር አሮጊት እየመራ የሚገባ «ቅን» ጎረምሳ በሁሉም አገር አለ።

ብዙ ቦታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል፤ ቆጠራው እዚያው ነው። መጀመሪያ ዝርዝሩ ላይ ምልክት የተደረገባቸው ስሞች ይቆጠራሉ፣ ቀጥሎ ፖስታዎቹ ሳይከፈቱ። 412 ስም ተጠርቶ 413 ፖስታ ከወጣ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ ይጻፋል፤ አንዷን ፖስታ አንሥቶ «ማስተካከል» ነው ወንጀሉ። ከዚያ ፖስታው አንድ በአንድ ይከፈታል፣ ፊደሉ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ይመዘገባል። ስሕተት የሚበዛው እዚህ ሳይሆን ድካሙ ከጠና በኋላ ቅጹ ሲሞላ ነው። በ2022 ወደ 40 የፓርቲ ዝርዝሮች ስለነበሩ ቅጹ ረጅም ነው፤ የአንዱ ቁጥር አንድ መስመር ወርዶ ለጎረቤቱ ይጻፋል። የየጣቢያው ውጤት በኢንተርኔት ስለሚወጣ በአንድ ሰፈር ማንም የማያውቀው ፓርቲ በድንገት 90 ድምፅ ካገኘ ሰው ያየዋል።

የወታደሩ፣ የእስረኛውና የሆስፒታል ሕመምተኛው ድምፅ በድርብ ፖስታ ነው። ላይኛው ላይ ስም አለ፣ ውስጠኛው ባዶ ነው። እነዚህ ወደ ኢየሩሳሌም ተወስደው፣ ሰውየው በጣቢያው እንዳልመረጠ ከተጣራ በኋላ ውስጠኛው ይወጣል። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ሌሊት «አሸነፍን» ብሎ የጨፈረ በሦስተኛው ቀን የሚያዝነው።

ሦስት ተፎካካሪ በአንድ ጠረጴዛ የሚለው ነገር የሚሳሳው ፓርቲዎች ሰው በማይልኩበት ጣቢያ ነው። በሚያዝያ 2019 ሊኩድ በአረብ ሰፈሮች ለሚገኙ ጣቢያዎች ወደ 1,200 ድብቅ ካሜራ ለሰዎቹ ሰጠ። ማጭበርበርን ለመከላከል ነው አሉ፤ ሌሎቹ መራጩን ማስፈራራት ነው አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። በመስከረሙ ድጋሚ ምርጫ ኮሚቴው የፓርቲ ካሜራን ከለከለ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከኮሮጆው ይልቅ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው ብል አላጋነንኩም። እናንተ ጋ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ይገባል። እዚህ መላው አገር አንድ የምርጫ ክልል ነው፤ የፓርላማው፣ የክነሴት፣ 120 ወንበር በፓርቲዎቹ ድምፅ ልክ ይከፋፈላል። ነገር ግን ከዋጋ ያላቸው ድምፆች 3.25 በመቶ ያላገኘ ፓርቲ አንድም ወንበር የለውም። በ2022 ናታንያሁን ከሚቃወሙት ፓርቲዎች ሜሬትስ 3.16 በመቶ አግኝቶ ከ5 ሺህ ባነሰ ድምፅ ወደቀ፤ የአረቦቹ ባላድም ወደቀ። የሁለቱ ድምፅ ሲደመር ወደ 289 ሺህ ነው። የናታንያሁ ደጋፊዎችና የተቃዋሚዎቹ ጠቅላላ ድምፅ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ የናታንያሁ ወገን 64 ወንበር ይዞ ወጣ። የነካው እጅ የለም፤ የሌበር ፓርቲ ከሜሬትስ ጋር በአንድ ዝርዝር ለመቅረብ እንቢ ስላለ ጭምር የመጣ ነው።

የተረፈውም ወንበር ለትልቁ ያደላል። አንድ ወንበር 40,000 ድምፅ ነው እንበል። አንዱ ፓርቲ 1,230,000 አለው፦ 30 ወንበር ወስዶ 30,000 ይተርፈዋል። ሌላው 232,000 አለው፦ 5 ወስዶ 32,000 ይተርፈዋል። ትርፉ የሚበልጠው ትንሹ ያገኛል ብለሽ ነበር? ሕጉ የሚለው ድምፅሽን በወንበርሽ ላይ አንድ ደምረሽ አካፍዪ ነው። 1,230,000 ለ31 ሲካፈል 39,677፤ 232,000 ለ6 ሲካፈል 38,667። ትልቁ ወሰደ። ትንንሾቹ የሚድኑት ከምርጫው በፊት ሁለት ሁለት ሆነው የትርፍ ድምፅ ውል ሲፈርሙ ነው። ሌላ 236,000 ያለው ፓርቲ አብሮት ቢፈርም ኖሮ ድምራቸው 468,000 ለ11 (አምስትና አምስት ወንበራቸው ላይ አንድ ተደምሮ) ተካፍሎ 42,545 ይሆናል፤ ትልቁን ይቀድማሉ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያኑ ይኸው ሒሳብ ነው በሩ። ሕፃናቱን ጨምሮ እዚህ ያለነው ወደ 170 ሺህ ነን፤ የ2022ቱ የማለፊያ ድምፅ ደግሞ 155 ሺህ አካባቢ ነበር። የራስን ፓርቲ ማቋቋም አያዋጣም። አዲሱ መሰለ በ1996 በሌበር፣ ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2013 በዬሽ አቲድ ነው ክነሴት የገቡት። መራጩ የስሞቹን ቅደም ተከተል መቀየር ስለማይችል ትግሉ ምርጫ ሳይደርስ በፓርቲው ውስጥ ያልቃል። 6 ወንበር ለሚያገኝ ፓርቲ 12ኛ ላይ የተጻፈ ሐበሻ ድምፃችንን ለመልቀም የተሰቀለ ፎቶ ነው።

ያንቺ ጣቢያ ላይ ቆጠራው መሽቶ ይደርስባችኋልና ባትሪሽን ቀድመሽ ግዢ፤ የመብራቱን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ። ውጤቱን በር ላይ ከመለጠፍሽ በፊት ቁጥሩን በአኃዝም በፊደልም ጻፊው፤ 1ን 7 ማድረግ ቀላል ነው፣ «አንድ»ን «ሰባት» ማድረግ አይቻልም። እማዬን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ፤ የጉልበቷን ቅባት በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

እህትሽ