ከቬንትሌተሩ ጋር ሜትርም ይሰጠን

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ቬንትሌተር፣ ማለትም ስለ መተንፈሻ ማሽን ርዳታ ያወጣችሁትን ዜና ከአዳር ስንወጣ ከባልደረቦቼ ጋር ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አነበብነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ ማሽኖቹም ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል። ደስ ብሎናል። ወሎ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ ማሽን አጥተን ሰው እያየነው ስላመለጠን ዋጋውን አውቀዋለሁ። ግን ማሽኑ ራሱ ሳንባ ሊጎዳ እንደሚችል በእንዲህ ያለው ሥነ ሥርዓት ላይ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

የራሴን ጥፋት ላስቀድም። ከኩታበር በኩል የመጡ አንዲት እናት በከባድ የሳንባ ምች ሌሊት ገቡ። አጠር ያሉ፣ ሰውነታቸው ግን ሞላ ያለ ነው። ሐኪሙ ቱቦውን አስገብቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲሮጥ ማሽኑን እኔ በየትንፋሹ 500 ሚሊ ሊትር አየር እንዲሰጥ 500 ላይ አደረግሁት። ለምን 500? ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም 500 ስለነበረ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጠዋት ሐኪሙ “ቁመታቸው ስንት ነው?” አለኝ። በክፍሉ ውስጥ ሜትር የለም። ግቢው በር ላይ ከሚሠራ ልብስ ሰፊ ተውሼ መጣሁ። የሰፊ ሜትር ደግሞ 150 ላይ ያልቃል፤ አንሶላው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርገን ቀጠልን፤ 155 ሆነ። የዚህ ቁመት ሴት ሳንባ የ48 ኪሎ ሰው ሳንባ ነው፤ ሚዛን ላይ 80 ብትመዝንም ያው ነው። ሰው ቢወፍር ሳንባው አብሮት አይወፍርም። በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ሲታሰብ 290 ያህል ይመጣል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ በየትንፋሹ 210 እየጨመርኩ ስነፋቸው አድሬአለሁ። ያውም የታመመ ሳንባ ግማሹ ውሃ ስለሚቋጥር፣ አየር የሚገባበት የቀረው ክፍል የሕፃን ሳንባ ቢያክል ነው።

ይህ የእኔ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ሳንባቸው ክፉኛ በተጎዳ 861 ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት ሲወጣ፣ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር ከተሰጣቸው ከመቶው 40 ያህሉ ሞተዋል፤ 6 ከተሰጣቸው ደግሞ 31። አዲስ መድኃኒት የለበትም፤ ቁልፉን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው።

እናታችን በአምስተኛው ቀን ከማሽን ተነቀሉ። ማታውኑ ደከሙና መልሰን አስገባናቸው። ልጃቸው ኮሪደር ላይ ይዞኝ “ሳንባዋ ተሽሎታል አላችሁኝ፤ ታዲያ ምን ነካት?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። አምስቱን ቀን በማስተኛ መድኃኒት ድብን አድርገን አስተኝተናቸው፣ ትንፋሹን ሁሉ ማሽኑ ሲሠራላቸው፣ ድያፍራማቸው፣ ከሳንባ በታች ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ሥራ ፈትቶ ከርሟል። እግሩ ተሰብሮ ጄሶ የታሰረለት ሰው ጄሶው ሲፈታ ጭኑ እንዴት ቀጥኖ እንደሚወጣ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ድያፍራምም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ መፍጠኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት፣ አንጎላቸው የሞተ የአካል ለጋሾች ድያፍራም ከ18 እስከ 69 ሰዓት ብቻ ማሽን ላይ ሥራ ፈትቶ የጡንቻው ክሮች ተቆርጠው ሲለኩ ስፋታቸው ከግማሽ በላይ ቀንሶ መገኘቱን አሳይቷል። ሦስት ቀን እንኳ አልሞላም!

“አትቀስቅሷት፣ ትረፍበት” የሚለው የቤተሰብ ልመና ከደግነት የሚመጣ ነው፤ እኛም እንወደዋለን፣ ምክንያቱም የተኛ ሕመምተኛ አላርም አያስጮህም። ልክ አይደለንም። የማስተኛ መድኃኒቱን በየቀኑ አቁሞ ማንቃት በጥናት የማሽኑን ቀን ከ7 ወደ 5 ገደማ አውርዷል። ደግሞ ዝም ብሎ ልቀቁት ማለቴ አይደለም። ማሽኑ ጥቂት ብቻ እየሰጠው በአንገቱ ጅማት የሚታገል ሰውም ጡንቻው ይጎዳል፣ ሳንባውንም ከውስጥ ይስባል። እኔ አሁን መዳፌን ከደረታቸው አጥንት ሥር ሆዳቸው ላይ አስቀምጣለሁ፤ ማሽኑ ሲነፋ ከእጄ ሥር ለስለስ ያለ ጥረት ከተሰማኝ ደህና ነው። ጸጥ ካለ ማስተኛውን አበዛን ማለት ነው፤ ከዘለለ ሐኪሙን እጠራለሁ።

መብራት ሲቋረጥ ደግሞ ሌላ ነው። ባል ወይም ወንድም አምቡ ባጉን፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ከረጢት፣ በሁለት እጁ፣ በፍርሃት፣ እስከ መጨረሻው ይጨምቀዋል። ከሊትር በላይ ይይዛል። አንድ እጅ እንደሚበቃ፣ ደረቱ ትንሽ ከፍ ሲል መልቀቅ እንዳለበት የምናስተምረው እዚያው ጨለማ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለጋሾችና የጤና ኃላፊዎች ከፈቀዱ፣ በየማሽኑ ሣጥን ውስጥ ሁለት ነገር ይጨመርልን፦ ሁለት ሜትር የሚደርስ መለኪያ፣ እና የቁመትና የሚሊ ሊትር ሰንጠረዥ በአማርኛ ተጽፎ፣ በላሚኔት ተሸፍኖ። ሥልጠናውም ማሽኑ በመጣ ማግስት ለኃላፊዎች ብቻ ከሚሰጥ፣ ሌሊት ለምናድረው ይሁን።

እናታችን በአሥራ አራተኛው ቀን ተነቅለው በእግራቸው ወጥተዋል። የሰፊው ሜትር ግን እስካሁን እኛው ጋር፣ ከሦስተኛው አልጋ በላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። በየጊዜው በበረኪና ስለምናጸዳው ከ120 ወዲያ ያለው ቁጥር ደብዝዟል።

አንዲት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ
ከደሴ