የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የእንቅልፍ ሞገዶች

የአባላት ምዝገባው፣ የቤተ ሙከራ ጽዳቱና የጥያቄና መልስ ውድድሩ እንደ ወትሮው ተከናውነዋል። የዘንድሮው ዋና ሥራችን ግን እንቅልፍ ነበር።

ነገሩን ያስነሣው ጥምቀት ነው። በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ያደሩት ልጆች ወደ ክፍል ሲመለሱ፣ ዲያቆን የሆነ አባላችን «ማኅሌት ቆሜ ሳድር ያጣሁት እንቅልፍ በማግስቱ ይተካል?» ሲል ጠየቀኝ። ሰዓቱ ሁሉ አይተካም፤ አንጎል አስቀድሞ የሚያካክሰው ጥልቁን እንቅልፍ ነው። «ጥልቁ የትኛው ነው?» አለ ሌላው፤ ሥራችን ከዚህ ተጀመረ።

የአንጎልን ሞገድ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴውን፣ የሚመዘግብ መሣሪያ ስለሌለን ሞገዶቹን በእጃችን ሣልናቸው። አንዱን ሰከንድ በ10 ሴንቲ ሜትር መጥነን ረጅም ወረቀት ዘረጋን። ነቅቶ ዓይኑን የጨፈነ ሰው አንጎል በሰከንድ 10 ያህል ሞገድ ያሳያል፤ ሸለብ ሲያደርገው ከ4 እስከ 7 ይወርዳል። በሁለተኛው የእንቅልፍ ደረጃ ፈትል እንደተጠቀለለበት እንዝርት ጫፎቹ የቀጠኑ፣ ወገቡ የወፈረ የሞገድ ጥቅል ብቅ ይላል፤ ልጆቹ ይህን ለማሳመር ብዙ ላጲስ ጨርሰዋል። በጥልቁ እንቅልፍ አንዱ ሞገድ ብቻውን 10 ሴንቲ ሜትሩን ሞላው፤ ቁመቱም ከሁሉም ስለሚበልጥ ከላይ ሌላ ወረቀት ለመቀጠል ተገደድን።

የመጨረሻውን ደረጃ የሣለችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ «መምህር፣ ይህ እኮ የነቃ ሰው ነው!» አለች። አስተዋይ ልጅ ናት። በዚህ ደረጃ ሞገዱ የነቃ ሰው ይመስላል፤ ዓይን ከቆቡ ሥር ይንከራተታል፤ ጡንቻ ይዝላል፤ ሕልም ይበዛል። የእንቅልፍ ተመራማሪዎቹ አሴሪንስኪና ክላይትማን ይህንን እ.ኤ.አ. በ1953 በጽሑፍ ሲያሳውቁ፣ እንቅልፍ የአንጎል ዕረፍት ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ተናጋ።

ደረጃዎቹ ሌሊቱን በዙር ይደጋገማሉ፤ አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ጥልቁ እንቅልፍ በሌሊቱ መጀመሪያ ይበዛል፤ ሕልም የሚበዛበት ደረጃ ደግሞ ወደ ንጋት ይረዝማል። ስለዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥተው የሚያጠኑ የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን የሚያጡት ይህንኑ የንጋት ድርሻ ነው። ትጋታቸውን አከብራለሁ፤ ልማዱን ግን አልደግፍም። የተጠናው ነገር በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍም ጭምር ነው፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል። ይህንን በሚኒ ሚዲያም፣ በወላጆች ቀንም ደጋግመን ተናግረናል።

ወረቀቱ አሁን በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በመጪው ዓመት ፈቃደኛ ተማሪዎች የመኝታና የመነሻ ሰዓታቸውን የሚመዘግቡበት ደብተር እናዘጋጃለን፤ መሳተፍ የሚፈልግ ለክበቡ ጸሐፊ ያሳውቅ።