ስለ ላክሽልኝ ጉንዳኖች

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ የሱሉልታ ብርድ ብቻ አልቻል ብሏል። ያን ቅጠል ተሸክመው የሚሄዱትን ጉንዳኖች ቪዲዮ ልከሽልኝ "እማዬ፣ እንዳንቺ እንጉዳይ ያመርታሉ አሉ፣ እኛ ሰፈርም ይኖሩ ይሆን?" ብለሽኝ ነበር። ያን ዕለት ለእንጉዳዬ ጭድ በበርሜል እየቀቀልኩ ስለነበር ቸኩዬ ዘጋሁብሽ። ይኸው አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

እኛ ጋ የሉም። እንዲህ ፈንገስ የሚያመርቱ ጉንዳኖች ዝርያቸው ወደ 250 ይሆናል (ፈንገስ ማለት እንጉዳይም ሻጋታም የሚገቡበት ወገን ነው)፤ ሁሉም ያሉት በአሜሪካ ምድር ነው፣ ከአርጀንቲና አንስቶ እስከ ኒውዮርክ አካባቢ። መነሻቸው ደቡብ አሜሪካ ነው።

እኔን የገረመኝ አጀማመራቸው ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት አንድ ግዙፍ አለት ከሰማይ መጥቶ ሜክሲኮ ላይ ወደቀ፣ ዳይኖሰሮቹን የጨረሰው ማለት ነው። አቧራው ፀሐይዋን ጋረደ፣ ዕፅዋት ሞቱ። ለፈንገስ ግን ሠርግና ምላሽ ሆነለት፤ የበሰበሰ ነገር በየቦታው ነዋ! በፈረንጆቹ 2024 በአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም የጉንዳን ተመራማሪው ቴድ ሹልትዝና ባልደረቦቹ የ475 ፈንገሶችንና የ276 ጉንዳኖችን ዘረመል አነጻጽረው፣ የጉንዳኖቹ እርሻ የተጀመረው ያኔ ነው አሉ። የሰው ልጅ ማረስ ከጀመረ እኮ 12 ሺህ ዓመት ቢሆነው ነው።

ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ደግሞ አየሩ እየቀዘቀዘና እየደረቀ ሲመጣ፣ አንዳንዶቹ ፈንገሳቸውን ይዘው ከእርጥቡ ጫካ ወደ ደረቁ አገር ወጡ። እዚያ ፈንገሱ ከጎጆአቸው ውጭ መኖር አይችልም። እንደ ቤት እንስሳ በእነሱ እጅ ቀረ። ያየሻቸው ቅጠል ቆራጮች የመጡት ከእነዚህ ወገን ነው። ቅጠሉን የሚቆርጡት ለራሳቸው አይደለም፤ አላምጠው ለፈንገሱ ይሰጡታል፣ ፈንገሱ ደግሞ እነሱን ይመግባል።

ባለፈው ወር እንጉዳይ ከማበቅልባቸው ከረጢቶች አንዱ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ወጣበት። መጀመሪያ የአውራ ጣት ጥፍር ታክል ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ግማሹን ወረሰው፣ አውጥቼ ቀበርኩት። ጉንዳኖቹም ይሄ ችግር አለባቸው። የእኔን የመሰለ ሻጋታ ሲገባባቸው እየለቀሙ ወደ ውጭ ይጥላሉ። ብዙዎቹ ሰውነታቸው ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ባክቴሪያ አለ፣ ሻጋታውን የሚከላከል መድኃኒት ያመነጫል። እኔ ያለኝ ጓንትና አልኮል ነው!

ምስጥ ግን አትርሺ። ፈንገስ የሚያመርቱ ምስጦች የተነሱት እዚሁ አፍሪካ ነው፣ ኋላ ወደ እስያም ተሻገሩ። ወለጋ አባትሽ አገር ሄደን ያን ረጅም ኩይሳ ስትዳስሺው ትዝ ይልሻል? እንዲህ ያለ ኩይሳ ውስጥ ነው እርሻቸው፣ ዝናብ ሲጥልም እንጉዳይ የሚበቅልበት አለ። ጉንዳንና ምስጥ ዘመድ እንኳ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ነው የደረሱበት።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የጉንዳኖቹ ወጣት ንግሥት ከእናቷ ጎጆ ስትወጣ ከፈንገሱ ቆንጥራ አፏ ውስጥ ባለች ትንሽ ኪስ ትይዛለች። ብቻዋን ጉድጓድ ትቆፍርና እሱን አውጥታ ትዘራለች። ከጠፋባት አለቀላት። ይህን ሳነብ አንቺ ባህር ዳር ስትሄጂ በማዮኔዝ ጠርሙስ ጨምሬ፣ በፎጣ ጠቅልዬ የሰጠሁሽ እርሾ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። የአያትሽ እርሾ ነው እኮ። እዚያ ሙቀት ስለሆነ ቶሎ ቶሎ አቡኪበት፣ ከተበላሸም ንገሪኝ፣ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ።

እናትሽ