ዝናቡ ሳይቀድመን፦ ስለ ካቡኪ ሥዕሎቹ ክፍል ጣሪያ በድጋሚ የቀረበ ጥሪ

ቶኪዮ፣ ካትሹሺካ ለምትኖሩ ወገኖች፣

እንደገና እኛው ነን፣ የሥዕል ክፍሉ ኮሚቴ። ጥሪያችን ሰልችቷችሁ ይሆናል፤ እኛም መለመኑ ሰልችቶናል። ግን በእንጨት ሰሌዳ የታተሙትን የካቡኪ (የጃፓን ባህላዊ ቴአትር) ተዋናዮች ሥዕሎች ከጃፓናውያን ጎረቤቶቻችን ጋር የምንጠብቅበትን ክፍል ጣሪያ ታይፉን (ከባድ አውሎ ነፋስ) ከገለበጠው ወዲህ የሸፈነው ሸራ ብቻ ነው። የዚህ አገር ዝናብ ደግሞ ሰኔ ላይ ይገባል። እስካሁን የተሰበሰበው፣ ጣሪያ ሠሪው ከጠየቀው ግማሹን ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ስንገባ ግድግዳው ላይ የነበረችው የሠዓሊው የቶዮኩኒ ሥዕል ረጥባ አገኘናት። ኦናጋታ ናት፤ ማለትም ሴት ሆኖ የሚጫወት ወንድ ተዋናይ። የኪሞኖው ሰማያዊ ከጉልበቱ በታች ታጥቦ ሄዷል። ያ ቀለም ከአበባ የሚጨመቅ ነው፤ ውኃ ከነካው አለቀለት። ፊቱ ግን ምንም አልሆነ፤ አሁንም ኮራ ብሎ ያያል።

«ለወረቀት ይህን ያህል?» ያላችሁን አላችሁ። እውነት ነው፣ የሠዓሊው የሻራኩ ሥራ የለንም። እሱ በ1794 እ.ኤ.አ. ብቅ ብሎ፣ በ10 ወር ገደማ ከ140 በላይ ሥዕል አውጥቶ የተሰወረው ሰው ነው፤ ሥራዎቹ ትልልቅ ሙዚየሞች ውስጥ ናቸው። የኛዎቹ ተራ ሰው የገዛቸው ናቸው። በዘመኑ አንዱ ሥዕል ከአንድ ሳህን ሶባ (የጃፓን ፓስታ) ብዙም አይበልጥም ነበር፤ እንደ ኳስ ተጫዋች ፖስተር ቁጠሩት። የጃፓን መንግሥት በ1842 እ.ኤ.አ. የተዋናይ ሥዕል ከልክሎ እንኳ አላጠፋውም። እኛ ጋ ደርሶ ሻጋታ ይብላው?

ያለፈው መዋጮ የት ገባ ለሚሉ፦ ሣጥኖቹ ተገዙ፣ እርጥበት መሳቢያው ማሽን ተገዛ፣ የተቀደዱት በስስ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ሙጫ ተጠገኑ። ደረሰኙ ክፍሉ ውስጥ አለ፤ መጥታችሁ እዩ። ጣሪያው መቅደም ነበረበት ተብለናል። ከነፋሱ በኋላ ሁሉም አናጢ ነው። ሣጥን ውስጥ ከነበሩት ግን አንድም አልረጠበም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን እዚያው የቼሪ እንጨት ይቀርጻሉ፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሰሌዳ። ኪሞኖ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ሦስት አራት ማዕዘኖች ካዩ «ዳንጁሮ!» ብለው ይጮኻሉ፤ የዝነኛው የካቡኪ ተዋናዮች ቤተሰብ ምልክት ነው። እኔ ራሴ ከነሱ ነው የተማርኩት።

የሃምሳ ሎሚውን ተረት አልደግመውም፣ ታውቁታላችሁ። ለበዓላችን አዳራሽ በነፃ የሰጡን እነዚሁ ጃፓናውያን ጎረቤቶች ናቸው። ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ያዋጣ እጅ ለጎረቤት ጣሪያ ይጨክናል?

የባንክ ቁጥሩ ከዚህ ጥሪ ጋር በደረሳችሁ ወረቀት ላይ አለ። ሒሳቡ በኮሚቴው ስም ነው፤ በግለሰብ ስም አይደለም። ስትልኩ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉበት። በድጋሚ፦ የኮሚቴው ሒሳብ፣ «ጣሪያ»። ባለፈው ሁለት ሰዎች ሳይጽፉ ልከው፣ ብሩ ለምን እንደመጣ ለማወቅ ሳምንት ፈጅቶብናል።