ስምሽን እንዴት ልጻፈው?

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማልረሳሽ እህት ዓለሜ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማማስ በርትተዋል? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ይህችን ሰላምታ ለመጻፍ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛልና አስቀድሜ ይቅርታሽን እለምናለሁ። የመጨረሻው ደብዳቤሽ የደረሰኝ በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ሲሆን፣ ከመሰናበቻው በፊት «ለመሆኑ አሁን ሥራሽ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ያን ጊዜ ቀን ቀን ቢሮ አጸዳለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ወጥ ቤቴ ውስጥ ካርቶን እየቆረጥሁ ጨዋታ እሠራለሁ። አንቺ ሁለት ልጅ ይዘሽ ኑሮን እየታገልሽ ሳለ «ጨዋታ እሠራለሁ» ብዬ መጻፍ አሳፈረኝ። ሥራው መልክ ሲይዝ እጽፍላታለሁ እያልሁ ቀኑ ወር፣ ወሩም ዓመት ሆነ፤ ኋላ ደግሞ የዝምታው ርዝመት ራሱ እጄን ያዘኝ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።

ብዕር እንዳነሣ ካደረጉኝ ነገሮች አንደኛው ካዛንቺስ ነው። ዓምና ሠፈሩ ሲፈርስ ስልኬ ላይ በሚደርሱኝ ምስሎች ውስጥ ያንን ቤታችንን ስፈልግ አመሸሁ። የቆርቆሮ አጥሩን፣ ከበሩ አጠገብ ቡና ታፈላ የነበረችውን ሴትዮ ጥግ፣ ከኋላ ልብስ የምንቀይርባትን ጠባብ ክፍል ሁሉ በዓይኔ ፈለግሁ፤ ሜዳ ሆኖ ቦታውን መለየት እንኳ አቃተኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የጨፈርንበት ቤት ነበር። ያን ሌሊት ያላስተኛኝ ግን የግድግዳው መፍረስ ብቻ አልነበረም። በዚያ ቤት የአንቺም የእኔም ስም የተጻፈበት አንዲት ወረቀት እንኳ እንዳልነበረች ትዝ አለኝ። የቀን ክፍያችንን በእጃችን ይሰጡናል፤ ከሽልማቱ ላይ የቤቱ ድርሻ ይቆረጣል፤ በር ላይ በሚለጠፈው ማስታወቂያ የድምፃዊው ስም በትልቁ ይጻፍና ከሥሩ «ከባህላዊ ውዝዋዜ ጋር» ይባላል። ያ «ውዝዋዜ» እኛ ነበርን። ከእኛው ሠፈር መላኩ በላይ ለዓመታት በሽልማት ብቻ እየጨፈረ ኖሮ ፈንድቃ የተባለውን የአዝማሪ ቤት ለማስተዳደርና ስሙን በውጭ አገር መድረክ ሁሉ ለማስጠራት በቅቷል፤ ባሰብሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ከእርሱ ጋር በዚያው ዘመን ትከሻቸውን የሰበሩትን ሌሎቹን ግን ማን ያስታውሳቸዋል?

አሁን ጥያቄሽን ልመልስ። ሥራዬ በጠረጴዛ ዙሪያ በካርድ፣ በጠጠር ወይም በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ መድረስ ነው። ሕጉን አስባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ካርዱንም ጠጠሩንም መጀመሪያ በእጄ እሠራለሁ፤ ከዚያ ሰዎችን አስቀምጬ አጫውታለሁ፤ የሰለቻቸውን ጥዬ እንደገና እጽፋለሁ። እዚህ አገር ይህን ሥራ የሚሠራውን ሰው «የጨዋታ ደራሲ» ይሉታል፤ እንደ መጽሐፍ ደራሲ ማለት ነው። በየዓመቱ በመኸር ወራት ኤሰን በምትባል ከተማ ለአራት ቀን የሚቆይ የጨዋታ ትርዒት አለ፤ ከ200,000 በላይ ሰው ይገባበታል። አባት፣ እናት፣ ልጅና አያት ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ከብበው ሲጫወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን የአገራችንን አባባል እነዚህ ሰዎች በአራቱም ወቅት እንደሚኖሩበት ተሰማኝ።

የጀመርሁት ቋንቋ ፍለጋ ስሄድ ነው። በምኖርበት ሠፈር ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሐሙስ ማታ ሰዎች ለጨዋታ ይሰበሰባሉ፤ እኔ ጀርመንኛዬን ላፍታታ ብዬ ሄድሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጨዋታውን ትቼ የሰዎቹን ፊት እንደማይ ልብ አልሁ። ማን እንደተሰላቸ፣ ማን ሊነሣ እንደፈለገ፣ ማን ተራው እስኪደርስ እንደቸኮለ ከትከሻው አውቃለሁ። ይህን ዕውቀት ከየት እንዳመጣሁት አንቺ ታውቂያለሽ። ማሲንቆው ገና ሲቃኝ ቤቱን አንድ ጊዜ ቃኝተን የትኛው ጠረጴዛ እንደሚነሣ፣ የትኛው እንደሚያፍር፣ የትኛው ደግሞ እጁን ሊሰድ እንደሚችል ለይተን እንጨርስ አልነበር? «ዓይን አፋሩን አትጀምሪበት፤ ከጎኑ ካለው ጀምሪ፤ እርሱ ራሱ ይመጣል» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሌላው ደራሲ በብዙ ሙከራ የሚደርስበትን ነገር እኔ ከአንቺ በአንድ ምሽት ተምሬው ነበር።

ደግሞም ዳማው አለ። ቤቱ ከተዘጋ በኋላ የንጋት ታክሲ እስኪመጣ፣ በካርቶን ላይ በከሰል ባሰመርናት ዳማ የቢራ ቆርኪ እየደረደርን፣ አንቺ ፊቱን እኔ ጀርባውን ይዘን የተጫወትነው ጊዜ ቢቆጠር ስንት ሌሊት ይሆን? እስከ ዛሬ አዲስ ጨዋታ ስጀምር መጀመሪያ የምሠራው በቆርኪ ነው። አንድ ጆንያ ሙሉ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የእኛን አገር ጨዋታዎች በደንብ ማጥናት ጀመርሁ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከ100 በላይ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። መቶውንም አስደናቂ ጭንቅላት ያላቸው እረኞች፣ እናቶችና ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አውጥተዋቸዋል፤ የአንዳቸውም ስም ግን አልተረፈም። በይበልጥ ያስደነቀኝ የጥንቱ የአገራችን ሰንጠረዥ፣ ማለትም የእኛው ቼዝ ነው። በእርሱ ሁለቱ ተጫዋቾች መጀመሪያ ላይ ተራ አይጠብቁም፤ አንደኛው የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ በተራ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ መክፈቻ «ወረራ» ይባላል። እዚህ ለማውቃቸው ደራሲዎች ሳስረዳቸው ደግሜ እንድነግራቸው ይለምኑኝ ነበር። እኔ ግን ስሰማው ወዲያው የታየኝ የእኛ መድረክ ነው፤ ከበሮው ሲመታ ሁሉም በያለበት ይወዛወዛል፣ ከዚያ አንዱ የአንዷን ዓይን ይይዝና ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣ ከዚያ ወዲያ አንዱ ሲሰጥ ሌላው ይቀበላል።

የእኔ ጨዋታ ከዚህ ተወለደ። ስሙን «ተቀበል» ብዬዋለሁ። ከሦስት እስከ ስድስት ሰው ይጫወተዋል። ካርዶቹ ላይ ቃል የለም፤ የከበሮ ምት በነጥብ ተስሎባቸዋል፤ ትልቁ ነጥብ ወፍራሙ፣ ትንሹ ነጥብ ቀጭኑ ድምፅ ነው። በወረራው ሁሉም በአንድነት ካርዱን ይደረድራል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ምት ሲያወጡ ወረራው ያበቃል፣ እነርሱም ይገጥማሉ። አንደኛው ምት ይሰጣል፣ ሌላው የተሰጠውን ሳይደግም ልኩን ጠብቆ ይመልሳል። ተመልካቾቹ ደግሞ ሳንቲማቸውን ይሸልማሉ። ለራስ መሸለም ክልክል ነው።

በወረቀት ላይ ያማረ ይመስላል። ሲጫወቱት ግን ስምንት ወር ሙሉ ሞተብኝ። ሕጉ «ሳንቲምህን ለወደድኸው ስጥ» ይል ነበር፤ ሰዎቹም ሳንቲማቸውን በመዳፋቸው ጨብጠው ይቀመጣሉ። አንዱ ሌላውን ያያል፤ ቀድሞ የሚሰጥ ይከስራልና ማንም አይቀድምም። በሙከራ ጊዜ ደራሲው አይናገርም፣ አይጠቁምም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። እኔም ጥግ ይዤ፣ ጉልበቴን አቅፌ፣ የጨበጡትን እጅ እያየሁ ስንት ምሽት ተቀምጫለሁ።

በአንዱ እንደዚያ ያለ ምሽት ነው ያቺ ሌሊት ከነላቧ ተመልሳ የመጣችልኝ። የ1999 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት ነበር። ጉልበቴ አብጦ፣ ከነጠላዬ ሥር በጨርቅ አስሬው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከኋላ መስመር ስጨፍር አንድም ሰው አልሸለመኝም። ከፊት ጠረጴዛ አንድ እንግዳ ተነሣና ድፍን መቶ ብር ግንባርሽ ላይ ለጠፈልሽ። ያኔ መቶ ብር ምን ያህል እንደነበረ እኔና አንቺ እናውቃለን። አንቺ ትከሻሽን ሳታቋርጪ፣ ፈገግታሽም ሳይጓደል፣ እየተሽከረከርሽ ወደ እኔ መጣሽ፤ ብሩን በሁለት ጣትሽ ከግንባርሽ ላጥሽና ግንባሬ ላይ ለጠፍሽው። በላብሽ ርሶ ነበርና እኔም ላይ ጸና። ማሲንቆ መቺው «ተቀበል!» አለ፤ ቤቱ ተነሣ። ያን ሌሊት ከፊት እስከ ኋላ፣ ከበሮ መቺውም ሳይቀር፣ ያልተሸለመ ሰው አልነበረም። የተጨበጠውን እጅ ሁሉ የከፈተው የእጅሽ ሥራ ነው።

በማግስቱ ሕጉን ለወጥሁት፦ የመጀመሪያውን ሽልማት የሚያገኝ ሰው ለራሱ ሊያስቀረው አይችልም፤ ከጎኑ ላለው ማስተላለፍ አለበት፤ ሳንቲሙ የሚቆጠረውም ከተላለፈ በኋላ ነው። ይህች አንዲት መስመር ናት። በዚያው ሳምንት ሐሙስ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ሦስት ጊዜ ደጋግመው ተጫወቱት፤ ጠባቂው መብራት ሊያጠፋ ሲመጣም አልተነሡለትም። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

አንድ አሳታሚ ጨዋታውን ወዶ፣ ነገር ግን እስክስታውን አውጥቼ አንበሳና ዝሆን እንዳስገባበት ጠየቀኝ፤ እንደዚያ ከሆነ የተሻለ ይሸጣል አለ። ገንዘቡ በጣም ያስፈልገኝ ነበር፤ ቢሆንም እምቢ አልሁ። ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ ትንሽ አሳታሚ እንዳለ ተቀበለው። ድርሻዬ ከጅምላው ዋጋ 6 በመቶ ነው፤ በመጀመሪያው ኅትመት 1,500 ሣጥን ይወጣል። ሀብት አይደለም፤ ቢሮ ማጽዳቱንም ገና አልተውሁም።

አሳታሚው ከሣጥኑ ጀርባ የሚታተም ሁለት መስመር የሕይወት ታሪክ ጠየቀኝ። እዚህ በቤተ ክርስቲያን የሚያውቁኝ ሰዎች የምሽት ቤት ተወዛዋዥ እንደነበርሁ አያውቁም ነበር፤ ለዓመታት ሸሽጌዋለሁ። ያን ሌሊት ስጽፍ ስሰርዝ አድሬ፣ በመጨረሻ «በአዲስ አበባ ካዛንቺስ ስድስት ዓመት ተወዛዋዥ ነበረች» ብዬ ላክሁ። ላክሁትና እንቅልፌን ተኛሁ።

ለዚህ ደብዳቤ ሁለተኛው ምክንያት የሚከተለው ነው። የጨዋታ ደራሲዎች ስም በሣጥን ላይ መጻፉ ከጥንት የነበረ ወግ አይደለም። ሊዚ ማጊ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1904 መብቱን ያስመዘገበችበት ጨዋታ የዛሬው ሞኖፖሊ መነሻ ሲሆን፣ በ1935 በ500 ዶላር ተገዝቶባት ክብሩ ለዓመታት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። በጀርመንም እ.ኤ.አ. በ1988 በኑረምበርግ የመጫወቻ ትርዒት ላይ 13 ደራሲዎች «ስማችን ከሣጥኑ ላይ ካልተጻፈ ማናችንም ጨዋታ አንሰጥም» ብለው ፈረሙ። የፈረሙት በምን ላይ እንደሆነ ብነግርሽ ደስ ይልሻል፤ የቢራ ብርጭቆ በሚቀመጥባት ካርቶን ላይ ነው። ይህን የሰማሁ ዕለት ያሰብሁት የእኛን ጠረጴዛዎች ነው።

እነርሱ በፈረሙት መብት የእኔ ስም ሣጥኑ ላይ ይወጣል። ነገር ግን ጨዋታውን ያዳነችው መስመር የአንቺ ናት፤ እኔ ጻፍኋት እንጂ አላወጣኋትም። ስለዚህ የሁለታችን ስም ጎን ለጎን እንዲታተም፣ ድርሻውም እኩል እንዲከፈል ለአሳታሚው ጽፌ ተስማምቷል። «ምን አደረግሁና» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ እባክሽ ይህን አትበዪኝ። ለሰባት ዓመት ዝምታዬ የምከፍለው ካሣ አድርገሽም አትቁጠሪው፤ ካሣውን ሌላ ጊዜ በአካል መጥቼ እጠይቅሻለሁ። ይህ የሠራሽበት ነው።

ኅትመቱ የካቲት ላይ ይጀመራል፤ ስለዚህ መልስሽ እስከ ጥር አጋማሽ ቢደርሰኝ መልካም ነው። በግዕዝ ፊደልም በላቲንም ይጻፋል። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስምሽ በመታወቂያሽ ላይ እንዳለው ይጻፍ፣ ወይስ መድረክ ላይ እንጠራሽ እንደነበረው? የቱንም ብትመርጪ በስልክ አትንገሪኝ፤ በእጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ። ሠዓሊው ፊደሉን ከእጅ ጽሑፍሽ ላይ ይቀዳዋል። አድራሻዬ ከፖስታው ጀርባ አለ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

እህትሽ